ሠሪው ያልታወቀ ቫዮሊን

ይቺን ስሙኝ። ሥራ የያዛችሁ ለአፍታ አስቀምጡት፤ ሥራ የሌላችሁማ ምንም ሰበብ የላችሁም።

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ከትምህርት ቤት ጉብኝት መጣች። ሦስተኛ ክፍል ናት። ማንበብ ከለመደች ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ ነው የምታነበው፤ የሳሙና ካርቶን፣ የባጃጅ ጀርባ፣ የመድኃኒት ወረቀት፣ ምን የቀራት አለ። አስተማሪዋ የድሮ ዕቃ የተደረደረበት አዳራሽ ወስዳቸው በየመስታወቱ ሥር ያለውን ካርድ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡ ብላቸዋለች። እኔ ዝናቡ እስኪያባራ ባጃጄን አቁሜ በረንዳ ላይ በቆሎ እጠብሳለሁ። እሷ በርጩማ ስባ አጠገቤ ተቀመጠችና ድምጿን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«የማር ቀፎ። ከሸምበቆ የተሠራ። የወተት ዕቃ። ከሸክላ የተሠራ። ቫዮሊን። ከአገር በቀል እንጨት በእጅ የተሠራ። ዘመኑ ያልታወቀ። ሠሪው ያልታወቀ።»

በቆሎው እጄ ላይ ከሰለ።

«ጋሼ፣ ያልታወቀ ማለት ስም የለውም ማለት ነው?»

«ስም አለው።»

«ታዲያ ለምን አልጻፉትም?»

«በቆሎሽን ብዪ» አልኳት። ለልጅ የምመልሰው ሲጠፋኝ ምግብ ነው የምሰጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባጃጁ ውስጥ አንድ ነገር ይንኳኳብኛል። መካኒኩ ጋ ሦስቴ ወሰድኩት። «ባጃጅህ ደህና ነው፣ ጆሮህን ታከም» አለኝ። እኔ ግን ድምፁን አውቀዋለሁ። ባዶ እንጨት ውስጥ ትንሽ እንጨት ስትንከባለል ነው። ቅልል ትልና፣ ኳ። ቅልል፣ ኳ። መታጠፊያ ላይ በተለይ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ትምህርቱን ከአሥረኛ ክፍል ጥዬው፣ ወይ እሱ እኔን ጥሎኝ፣ የሰው ባጃጅ እነዳለሁ። ምላሴ ከባጃጁ ይፈጥናል። ከትራፊክ እጣላለሁ፣ ከተሳፋሪ እጣላለሁ፣ የሚጣላኝ ሰው ሳጣ ከራዲዮኑ ጋር እጣላለሁ። የተከራየኋት ክፍል ከጋሽ ላሊሞ ግቢ ጋር አጥር ለአጥር ነበረች።

ጋሽ ላሊሞ አናጢ ናቸው። ናቸው አልኩ? ነበሩ። በር፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን፣ የቤተ ክርስቲያን አግዳሚ፣ ሁሉንም ይሠሩ ነበር። እንጨት ሊገዙ ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጃለሁ። ጆሯቸውን ጣውላው ላይ ለጥፈው በጣታቸው አጥንት ኳ ኳ ያደርጉታል፤ ከዚያ ወይ ፈገግ ይላሉ ወይ ይተዉታል። እንጨት ሻጮቹ ለመዷቸዋል።

«ጋሽ ላሊሞ፣ ውስጥ ማን አለ?» ይሏቸዋል።

«እየመጣ ነው፣ ትንሽ ጠብቁ» ይላሉ እሳቸው፣ ሳይስቁ።

አልጋዬን የሠሩልኝ እሳቸው ናቸው። አንድ እሁድ ኳስ ስናይ ጎል ገባና ስድስት ሆነን ዘለልንበት። እግሩ ተሰነጠቀ። በሽቦ ላስረው ስታገል በአጥሩ በኩል አይተውኝ ዕቃቸውን ይዘው መጡና አልጋውን ገለበጡት። ከርብራቡ ሥር፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ በእርሳስ ተጽፏል። ፊደሉ ጠመም ጠመም ያለ ነው።

«ላሊሞ ሠራሁት። ጥፋት ካለበት የኔ ነው።»

«ጋሽ ላሊሞ፣ እኛ ነን እኮ የሰበርነው» አልኳቸው።

«ስድስት ሰው የማይችል አልጋ ማን ሠራ?»

«አልጋ ለአንድ ሰው ነዋ!»

«ወጣት ነህ። አንድ ሆነህ አትቀርም» አሉና እግሩን ነቀሉት።

ለካ የሠሩት ዕቃ ሁሉ ላይ ይጽፋሉ። ከመሳቢያ ሥር፣ ከበር መቃን ጀርባ፣ ከአግዳሚው ሆድ። ማንም ላያየው ለማን ነው የሚጽፉት ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የሚያፈርሰው ያየዋል» አሉ። «ዕቃ አንድ ቀን ይፈርሳል። የሚያፈርሰው ሰው ማንን እንደሚሳደብ ይወቅ።»

የቫዮሊኗን ነገር የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሙጫው እስኪሞቅ እየጠበቅን ነበር። የጋሽ ላሊሞ ሙጫ ከሱቅ አይገዛም። ሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያው ድረስ ሄደን የአምባዛ ቆዳና የሆድ ዕቃ እናመጣለን፤ እዚያው የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ እንበላለን፤ ሽማግሌ የሚመስሉ ትልልቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ይዘው ትርፍራፊ ይጠብቁናል። ከዚያ ቆዳው በቀስታ ሲፈላ ይውላል። ሽታው ሰፈሩን ያዳርሳል። ጎረቤት ይሳደባል፤ እኔም ከአጥሩ ማዶ ስሳደብ ኖሬያለሁ።

«በሱቅ ሙጫ ለምን አይሠሩም?»

«የሱቁ አይላቀቅም» አሉ። «የዓሣው ሙቅ ውኃ ሲነካው ይለቃል። ከኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ሊጠግን ሲፈልግ ይክፈታ። ቫዮሊኔም የተጣበቀችው በዚህ ነው።»

«ቫዮሊንዎ?»

ታሪኩ እንዲህ ነው። ወጣት ሳሉ አንድ ፈረንጅ ሚሲዮን የተሰበረች ቫዮሊን ጠግንልኝ ብሎ አመጣላቸው። አንድ ወር እሳቸው ጋ ቆየች። ጠግነው ከመመለሳቸው በፊት ርዝመቷን፣ ወገቧን፣ ውፍረቷን በሲባጎ እየለኩ ሲባጎው ላይ ቋጠሮ ቋጠሩ። ፈረንጁ ቫዮሊኑን ይዞ ሄደ፤ ሲባጎው ቀረ። ከዚያ በሲባጎው ሠሯት። ፊቷን ከዝግባ፣ ጀርባዋን ከዋንዛ። የመምቻዋ ጭራ ከጋሪ ፈረስ ነው፤ ባለጋሪውን ለምነው አንድ እፍኝ ቆረጡ፤ ፈረሱ እስኪያድግለት ዝንብ እያስቸገረው ባለጋሪው ሲረግማቸው ከረመ። በደርግ ጊዜ የከተማው ኪነት ቡድን ወሰዳት። በየመድረኩ ተመታች። ቡድኑ ሲፈርስ ዕቃው ሁሉ መጋዘን ተቆለፈበት፤ እሷም አብራ።

«አልጠየቋቸውም?»

«ሰጥቻለሁ እኮ። የሰጡትን አይጠይቁም። ድምጿን ግን አንዳንዴ እሰማታለሁ» አሉና ሙጫውን አማሰሉ።

ከጥቂት ወር በኋላ ነው ወሬው የመጣው። አንድ ተሳፋሪዬ፣ መሃል ከተማ ያለው የድሮ ዕቃ አዳራሽ ለሕዝብ እንደተከፈተ፣ ክራርም ጋሻም አንዲት ቫዮሊንም እንዳየ ነገረኝ። ሰውዬውን ሒሳብ ሳልቀበለው አውርጄው ወደ ቤት በረርኩ። ጋሽ ላሊሞ እጃቸውን እንኳን አልታጠቡም። ፀጉራቸው ላይ ሰጋቱራ እንዳለ ባጃጁ ውስጥ ገቡ።

አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። መስታወቱ ፊት ቆሙ። ቀይ ዳማ ናት፤ ዕድሜ አጥቁሯታል። ክሮቿ ላልተዋል። ከሥሯ ካርድ አለ። ጋሽ ላሊሞ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አድርገው እየጎተቱ አነበቡ። «ዘመኑ ያልታወቀ።» ሳቅ አሉ። «እውነት ነው፣ ዓመቱን እኔም ረስቻለሁ።» ቀጠሉ። «ሠሪው ያልታወቀ።» እዚህ ላይ አልሳቁም። ጣታቸው ግን ከመስታወቱ አልተነሳም።

አንዲት ልጅ ከኋላ በኩል ሳጥኑን ከፍታ አቧራ ልትጠርግ ቫዮሊኗን አነሳቻት። ያኔ ነው የሰማሁት። ቅልል፣ ኳ።

ጋሽ ላሊሞ ሆዱን እንደተመታ ሰው ጎንበስ አሉ።

«ወድቃለች» አሉ። «አኒማዋ ወድቃለች።»

አኒማ ማለት የእርሳስ ቁራጭ የምታህል እንጨት ናት። ቫዮሊኗ ውስጥ፣ በፊቷና በጀርባዋ መሃል ትቆማለች። ሙጫ የላትም፣ ምስማር የላትም፤ ተደግፋ ብቻ ነው የምትቆመው። የፊቱን ጫና የምትሸከመው እሷ ናት፤ ድምፁንም ወደ ጀርባ የምታሻግረው እሷ ናት። ጋሽ ላሊሞ ስሟን የሰሙት ጣልያኖች ጋ ከሠሩት መምህራቸው ነው። «ነፍስ ማለታቸው ነው» አሉኝ። «ክሩ ሲላላ ትወድቃለች። መውደቋ አይደለም ክፋቱ፤ መልሳ ትቆማለች። ሳትቆም ክር የወጠሩ ቀን ግን ፊቷ ይሰነጠቃል።»

የፈለጉት ምን ነበር መሰላችሁ? ቫዮሊኗን መልሱልኝ አላሉም። ስሜን ጻፉልኝ እንኳን አላሉም። ከሳይክል ጎማ ራጂ አጣምመው የሠሩት መንጠቆ አላቸው፤ በቫዮሊኗ ቀዳዳ አስገብተው አኒማዋን መልሰው ሊያቆሙ ነው። ሻይ እስኪጠጣ ያልቃል። በቃ ይኸው ነው።

የአዳራሹ ኃላፊ ቢሮ ገባን። ወፍራም አይደለም፣ ቀጭንም አይደለም፤ ፊቱን ብትረሱት የማትወቀሱበት ዓይነት ሰው ነው።

«ማን ነዎት አባቴ?»

«ሠሪው።»

«የምኑ?»

«የቫዮሊኗ።»

«ሠሪው አልታወቀም እኮ» አለ። እየቀለደ አልነበረም።

«ይኸው ታወቀ!» አልኩ እኔ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ሹፌራቸው።»

ጋሽ ላሊሞ ቀስ ብለው አስረዱት። አኒማዋን፣ ክሩን፣ መንጠቆውን። ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ፣ «ቅርስ ለመንካት ሠሪው መሆንዎን የሚገልጽ ማስረጃ ያስፈልጋል» አለ።

«ማስረጃው ውስጧ አለ። ከፊቷ ሥር በውስጥ በኩል በእርሳስ ጽፌያለሁ።»

«ጥሩ። ግን ውስጧ አይታይም።»

«በቀዳዳዋ ብገባ...»

«ለመግባት ማስረጃ ያስፈልጋላ።»

«ማስረጃው ውስጧ ነው።»

አደባባይ ላይ መውጫ የጠፋው ባጃጅ ታውቃላችሁ? እንደሱ ዞርን። መጨረሻ ላይ ጋሽ ላሊሞ ከጆሯቸው ጀርባ እርሳስ አወጡና ብጣሽ ወረቀት ላይ ጻፉ። «አኒማዋ ሳትቆም ክር አታጥብቁ።» ጠረጴዛው ላይ አደረጉለት። ኃላፊው አመሰገነና የሻይ ብርጭቆውን ላዩ ላይ አስቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ስንቴ እንደተመላለስን አልቆጠርኩም። በፀሐይ ሄድን፤ የበልግ ዝናብ ሲጀምር የባጃጁን ሸራ ጥለን ሄድን። ኃላፊው ስብሰባ ነው። ኃላፊው መስክ ነው። ኃላፊው አለ፣ ግን የለም። አንድ ቀን በሽቄ አልጋዬን ፈታሁት፤ ጽሑፉ ያለበትን ጣውላ ባጃጁ ጣሪያ ላይ አስሬ ከጋሽ ላሊሞ ጋር ቢሮው ወሰድኩት። ጥበቃው በር ላይ ያዘኝ።

«አልጋ ይዞ መግባት ክልክል ነው።»

«አልጋ አይደለም፣ ማስረጃ ነው።»

«ማስረጃ ነው? በል አስፈትሸህ አስገባ፣ ትኋን ካለው ግን ትመልሳለህ።»

ኃላፊው ጣውላውን አየ። ጽሑፉን አነበበ። ልክ በዚያ እጅ ቫዮሊኗ ውስጥ ተጽፏል አልኩት። «ይሄ የሚያሳየው» አለ፣ «አልጋ መሥራታቸውን ነው።»

መውጫው ደረጃ ላይ ያቺ አቧራ ስትጠርግ ያየናት ልጅ ደረሰችብን። አስቴር ትባላለች። የሳጥኖቹ ቁልፍ እሷ ጋ ነው። ግራ ቀኝ አየችና ለጋሽ ላሊሞ ዝቅ አለች።

«ጋሼ፣ እኔም ሳነሳት ትንኳኳለች፤ ትፈርስብኛለች እያልኩ ነፍሴን ትበላዋለች። ሐሙስ ከሰዓት እሱ ስብሰባ አለው። ይምጡና ያቁሟት። የፊት መስታወት አለኝ፤ በቀዳዳው አስገብተን ጽሑፉን እናያለን፤ በስልኬ አነሳዋለሁ። ጽሑፉን ይዤ ካርዱን እኔ አስቀይራለሁ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «አንተ ግን ዝም በል እሺ? ምንም አትናገር።»

«እኔ ምን ተናገርኩ?» አልኳት።

ሐሙስ ደረሰ። ጋሽ ላሊሞ ተላጭተው፣ የቤተ ክርስቲያን ኮታቸውን ለብሰው፣ መንጠቆዋን በመሐረብ ጠቅልለው በር ላይ ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። መንገዱን ሁሉ ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይለማመዳሉ፤ ያስገባሉ፣ ያዞራሉ፣ ይገፋሉ።

ስንደርስ ኃላፊው በሩ ላይ ቆሟል። የመኪናው ሞተር ተነስቷል፤ አንድ ወረቀት ረስቶ ሊወስድ ተመልሶ ነው። አንድ እግሩ ደረጃው ላይ ነው፤ ሊሄድ ነው። አስቴር ከጀርባው ቆማ በዓይኗ «ዝም» አለችኝ። አየኋት። በደንብ አየኋት።

«አባቴ፣ ዛሬም መጡ?»

«ላያት ነው» አሉ ጋሽ ላሊሞ። ውሸት አልነበረም።

«ይግቡ፣ ይዩ። አዳራሹ የሕዝብ ነው።» ከዚያ ወደ ጥበቃው ዞሮ ሳቅ አለ። «አናጢ ሁሉ ቫዮሊን ሠራሁ ካለ፣ ነገ ደግሞ ሐይቁን ቆፈርኩት የሚል ይመጣል።»

ጥበቃው ሳቀ። ጋሽ ላሊሞም ትንሽ ሳቁለት፤ ሰውዬው እንዲሄድላቸው ብለው ነው። እግሩ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ወረደ። ሌላ ሁለት ደረጃ ብቻ ነበር የቀረው።

«ሳቅ!» አልኩ እኔ። «ሳቅ! አሁን በመስታወት ስናሳይህ ያኔ ትስቃለህ!»

እግሩ ቆመ።

«በምን መስታወት?»

ምላሴ፣ ያ ፈጣን ምላሴ፣ ጠፋ። የተሰማው የአስቴር ቦርሳ ዚፕ ብቻ ነው፤ መስታወቱን መልሳ ስትከት። ኃላፊው ዞሮ አያት። እጁን ዘረጋ።

«ቁልፉን።»

ሰጠችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችኝም። አንዴ ብቻ አየችኝ፤ እሱ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ ሌላ ከተማ ተዛወረች ሲባል ሰማሁ። እኛም እንዳንገባ ለጥበቃው ተነገረው።

ወደ ቤት ስንመለስ እስኪቆጡኝ ጠበቅኩ። ቢሰድቡኝ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። ግቢያቸው በር ላይ ሲወርዱ ብቻ ትከሻዬን በጣታቸው አጥንት አንኳኩ፤ ልክ እንደ ጣውላ። ሰሙ። ምን እንደሰሙ አልነገሩኝም። «ደህና እደር» አሉኝ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ። እኔም ይቅርታ አላልኩም። ነገ እላለሁ ብዬ ነው። ነገ አልኩ፣ ከነገ ወዲያ አልኩ።

ፊቼ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ደረሰ። የበዓሉ ሜዳ፣ ጉዱማሌ፣ በሰው ተሞላ። ወንዱ በየጎሳው ቄጣላ እየጨፈረ ይገባል፣ አቧራው ይነሳል፣ ቅቤ የጠጣ ፀጉር ይሸታል። «አይዴ ጫምባላላ!» ይባባላል ሰው፤ የተጣላ ይታረቃል። ጋሽ ላሊሞ በቅቤ የራሰ ቆጮ፣ ቡርሳሜ፣ አብልተውኝ አብረን ነው የወጣነው። ዳር ላይ የእንግዳ ድንኳን ተተክሏል። ድንኳኑ ፊት ለፊት፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጠረጴዛ ተዘርግቶ የአዳራሹ ዕቃ ተደርድሯል። መሃሉ ላይ እሷ።

ክሮቿ ተወጥረዋል። ላልተው ሲታዩ ለእንግዳ አያምርም ተብሎ ነው። አንድ ሰው የክር ማጥበቂያዎቿን እስኪበቃው አጥብቋቸዋል። ከሩቅ ስታዩዋት እውነትም ታምር ነበር።

ጋሽ ላሊሞ ሮጡ። በሕይወቴ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። «አላሉት!» እያሉ ነው። «አላሉት! ክሩን አላሉት!» በአማርኛ ጮሁ፣ በሲዳምኛ ጮሁ። ኃላፊው ጠረጴዛው አጠገብ ቆሟል። ዛሬ በዓል ስለሆነ ፈገግ አለ። «አባቴ፣ በዓል ነው፤ በሰላም እናክብር።» ሁለት ጥበቃዎች በትህትና፣ በጣም በትህትና፣ ክንዳቸውን ያዙ።

ከዚያ «ጠቅ» አለ።

ትንሽ ድምፅ ነው። እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ። በዚያ ሁሉ ጭፈራ መሃል መሰማት አልነበረበትም፤ እኔ ግን ሰማሁት፣ ጋሽ ላሊሞም ሰሙት፤ ኃላፊውም ሰማው፣ ዞሯላ። የዝግባው ፊት ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ አንዱ ጎን ወደ ውስጥ ገብቷል፣ አንዱ ጎን ተነስቷል። ክሮቹ ረገቡ። ኃላፊው እንግዶቹ ሳያዩ ቶሎ አነሳት። ቅልል፣ ኳ። በስንጥቁ በኩል ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ ወደ ፀሐይ አዘነበላት።

እኔ ከሱ ሁለት እርምጃ ነበርኩ። የቆምኩት በጎን ስለሆነ የተጻፈውን አላየሁም። ያየሁት ከንፈሩን ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሰው ቀስ ብሎ ሲያነብ እንደሚያደርገው። አንድ መስመር ያህል። ከዚያ ቀና ብሎ ጋሽ ላሊሞን አያቸው፤ ብዙ አያቸው። አሁን ይናገራል አልኩ። ጨርቅ አነሳና ሸፈናት።

በዚያ ቀን በሲዳማ ባህል ከብት አይታረድም፣ ዛፍም አይቆረጥም። ጋሽ ላሊሞ ያን ነው ያሰቡት። ጥበቃዎቹ ሲለቋቸው እጃቸውን እያሹ፣ «ዛሬ እንጨት አይነካም ነበር» አሉ።

በዚያው ክረምት ሞቱ። ሐኪሙ ያለው የሳንባ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ነበር ብዙ ቀን፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ያስገባል፣ ያዞራል፣ ይገፋል። አንድ ከሰዓት ዓይናቸውን ሳይከፍቱ፣ «ማቴዎስ፣ ቆመች?» አሉኝ።

«ቆማለች» አልኳቸው።

«ዳንቻ» አሉ። ጥሩ ነው ማለታቸው ነው። ልላቸው የነበረውን ይቅርታ ያን ጊዜ ውሸቱ ወሰደው።

ሳጥናቸውን ሌላ አናጢ ሠራው። በሱቅ ሙጫና በምስማር። ከመዘጋቱ በፊት እርሳስ ይዤ ወደ ክዳኑ ቀርቤ ነበር። አንድ ነገር ልጽፍበት። ሰው በዛ፣ መዘምራኑ ጀመሩ፤ እርሳሱን ኪሴ ከትቼ ተውኩት።

መንጠቆዋን ልጆቻቸው ሰጡኝ። ባጃጁ ውስጥ፣ ከመሪው ሥር ተቀምጣለች። የሚንኳኳው እሷ ናት እንዳትሉኝ፤ በመሐረቡ ጠቅልዬ ነው ያሰርኳት። አልጋዬንም መልሼ ገጥሜዋለሁ። ያ ጽሑፍ ከጀርባዬ ሥር ነው የሚያድረው። ተገላብጬ ስተኛ አንድ ሰው ከታች ሆኖ በጣቱ አጥንት ይመታኛል። ውስጥ ማን አለ? እያለ። ምን ብዬ ልመልስ?

የእህቴ ልጅ ደብተር ላይ ያለውን ካርድ አዳራሹ ድረስ ሄጄ ራሴ አየሁት። ጥበቃው ተቀይሯል፤ የሚያውቀኝ የለም። ሳጥኑ አዲስ ነው። ካርዱም አዲስ ነው፤ በኮምፒውተር የታተመ፣ በላስቲክ የተሸፈነ። ስንጥቋን በሱቅ ሙጫ ደፍነዋታል። ከእንግዲህ አትከፈትም። ጽሑፉን ውስጥ አድርገው ነው የደፈኑት። ክሮቿ ላልተዋል። ማንም ሳያየኝ ሳጥኑን በትከሻዬ ገፋ አደረግኩት።

ቅልል፣ ኳ።

የእህቴ ልጅ ልክ ናት፤ ስሙ ለምን እንዳልተጻፈ ተጠያቂ አለ። እኔ የኔን እጽፋለሁ፤ ክዳኑ ላይ ያልጻፍኩትን እዚህ እጽፋለሁ፤ የሚያፈርሰው ሰው ማንን እንደሚሳደብ ይወቅ። ማቴዎስ ተናገርኩት። ጥፋት ካለበት የኔ ነው።

አንተስ፣ የአዳራሹ ኃላፊ? ጉዱማሌ ላይ ወደ ፀሐይ አዘንብለህ ስታነብ ከንፈርህን አይቼዋለሁ። ታዲያ ያን ካነበብክ በኋላ፣ አዲሱን ካርድ «ሠሪው ያልታወቀ» ብሎ ያስጻፈው ማን ነው?